ልቅ የእንቁላል ዶሮ እርባታ ልጀምር ነው፤ ከምን ልነሳ?

ጀማሪዋ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ግማሽ ሄክታር መሬት አለኝ። የታጠረ፣ ሣሩም ጥሩ የሆነ ሜዳ ነው፤ ዛፍ ግን የለውም። እዚያ ላይ 500 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ማርባት አስቤያለሁ። ኬጅ (ዶሮ ተዘግታ የምትውልበት የሽቦ ሳጥን) አልፈልግም፤ ቀን ቀን ሜዳ ላይ ይዋሉ። አንድ ሁለት ዓመት ሠርቼ የምተወው ሥራም እንዲሆን አልፈልግም። መሬቱ ከዓመት ዓመት እየተሻለው ይሂድ፣ ዶሮዎቹም የዶሮ ኑሮ ይኑሩ ነው ሐሳቤ። 500 ይበዛል ወይ? ጫጩት ልግዛ ወይስ ቄብ? ቤቱ እንዴት ይሠራ? ከመኖው ውስጥ ሜዳው ምን ያህሉን ይሸፍንልኛል? የምታውቁ ሳትሰስቱ ንገሩኝ።

የመስክ ሰው
እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ከመሬቱ መነሳትሽ ደስ ብሎኛል። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ስለ ቤቱና ስለ ዝርያው ነው። በልቅ እርባታ ግን ሜዳው ከሞተ ሥራው አብሮ ይሞታል። ስለዚህ የዶሮውን ቁጥር ሜዳው ይወስንልሽ።

በመለኪያ እንየው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንቁላሉ የልቅ ዶሮ ተብሎ እንዲሸጥ ለአንድ ዶሮ ቢያንስ 4 ካሬ ሜትር ሜዳ ይጠይቃል። በዚህ ካሰብሽው 5,000 ካሬ ሜትር 1,250 ዶሮ ይይዛል። ይህ ግን ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ ነው። ያን ያህል እግር ያለ ዕረፍት ሲጭረው የትኛውም ሣር አይተርፍም። ያው ሕግ ሜዳውን ከፋፍሎ በየተራ ለሚያሳርፍ ሰው ሌላ ስሌት አለው፤ በጠቅላላው ለአንድ ዶሮ 10 ካሬ ሜትር፣ በተራው በሚከፈተው ክፍል ደግሞ ቢያንስ 2.5።

አሁን ያንቺን መሬት በአራት ክፈይው። አንዱ ክፍል 1,250 ካሬ ሜትር ይሆናል። 500 ዶሮ ካስገባሽ በጠቅላላው ልክ 10፣ በክፍሉ ልክ 2.5 ይደርሳቸዋል። ጠርዝ ላይ ቆመሻል ማለት ነው። ቤቱና መንገዱ የሚወስዱትን መሬት እንኳ ገና አልቀነስንም። አንዱ ክፍል ጭቃ ሆኖ ቢዘጋ መሄጃ የለሽም። በ200 ብትጀምሪ ግን በተከፈተው ክፍል ውስጥ ለእያንዳንዷ ከ6 ካሬ ሜትር በላይ ይደርሳታል። ሌሎቹ ሦስቱ ክፍሎች በደንብ ያርፋሉ።

ቆራጡ
በ200 አልስማማም። አጥሩን፣ የውኃ መስመሩን፣ ማታ መዝጋቱን፣ ጠዋት መክፈቱን ለ200ም ለ500ም ያው አንድ ሰው ነው የሚሠራው። ቁጥሩ ሲያንስ የእያንዳንዱ እንቁላል ወጪ ይከብዳል። ብዙ ጥሩ አርቢ ሥራውን የተወው ዶሮ ስለማይወድ አይደለም፤ ልፋቱ ስለማይመለስለት ነው። ዘላቂ ስንል ሰውየውም መኖር አለበት።

የመስክ ሰው
ልክ ነህ ወንድሜ፣ አርቢው ካልኖረ ምንም የለም። እኔም ለዘላለም በ200 ትቆይ አላልኩም። ቤቱን ሊሰፋ በሚችል መልኩ ትሥራው፣ ሜዳውን አንድ ሙሉ ዙር ትየው፣ ከዚያ ትጨምር። ሣሩ ከተበላ በኋላ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ በእያንዳንዱ ወቅት ያላየ ሰው ስንት ዶሮ እንደሚችል ሊያውቅ አይችልም። መሬቱ ራሱ ነው የሚነግራት። 500ን የሚችል መሬት ከሆነ ሁለተኛው ዙር ላይ ይታወቃል።

ጥላ ወዳድ
«ዛፍ ግን የለውም» ያልሽው ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው በቸልታ የሚያልፈው እሱን ነውና።

ዶሮ የጫካ ዘር ናት። የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ቀይ የጫካ ዶሮ ነው። ያ ወፍ የሚኖረው ቁጥቋጦና ዛፍ ባለበት፣ ከላይ የሚመጣ ጭልፊት በማያየው ቦታ ነው። የዛሬዋ ዶሮ ይህን ፍርሃት ይዛው ቀርታለች። ባዶ ሜዳ ላይ በሩን ብትከፍቺላት ደፍ ላይ ቆማ ሰማዩን ታያለች። ከወጣችም ከግድግዳው ብዙ አትርቅም። ከዚያ ምን ይሆናል? በሩ አጠገብ ያለው ትንሽ መሬት ይጫራል፣ በኩስ ይሞላል፣ ጭቃ ይሆናል፣ የትል እንቁላል ይጠራቀምበታል። ማዶ ያለው ጥሩ ሣር ማንም ሳይነካው ይሸብታል። በወረቀት ላይ 6 ካሬ ሜትር የደረሳት ዶሮ በእውኑ ግማሽ ሜትር ላይ ተጨናንቃ ትኖራለች።

ስለዚህ ዶሮ ከማዘዝሽ በፊት ትከይ። ከቤቱ በር ጀምሮ ወደ ሜዳው መሀል የሚወስድ የቁጥቋጦ መስመር ይኑር። ዶሮዋ ከጥላ ወደ ጥላ እየተሻገረች እንድትርቅ ነው። ከዚያ በኋላ ዘርዘር ያሉ ዛፎች። ፍሬ የሚሰጡ ቢሆኑ ሁለት ጥቅም አላቸው፤ ዶሮዎቹ የወደቀውን ፍሬና በውስጡ ያለውን ትል ይለቅማሉ፣ ኩሳቸው ደግሞ ዛፉን ይመግባል። ችግኙ ገና ለጋ እያለ ሥሩን ጭረው እንዳያወጡት ዙሪያውን በሽቦ ወይም በድንጋይ ጠብቂው። ዛፉ እስኪያድግ አራት እግር ያለው ዝቅተኛ የዳስ ጥላ ከእንጨትና ከጆንያ ሠርተሽ እዚህም እዚያም አቁሚ። ቀላል ስለሆነ ከክፍል ወደ ክፍል ይዘሽው ትሄጃለሽ።

በሩ ደጃፍ ላይ ደግሞ ጠጠር ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ በብዛት አፍሽበት። ከሁሉ በላይ የሚረገጠው እሱ ስለሆነ ሣር ሊበቅልበት አይችልም። እግራቸውን ጠርገው ሲገቡ እንቁላሉም ንጹሕ ይሆናል።

ጀማሪዋ
ይህን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። በጣም አመሰግናለሁ። ለመሆኑ ሣሩ ምን ያህል ይደግ? ረጅም ቢሆን ይደበቁበት ነበር።

ጥላ ወዳድ
ረጅምና ጠንካራ ሣር ማንቁርታቸው ሥር ባለው ከረጢት ውስጥ ተጠቅልሎ ይዘጋቸዋል። አጭርና ለጋ ይሁን። አጭር ሲሆን ፀሐይም እስከ አፈሩ ትደርሳለች፤ የትል እንቁላል ደግሞ ፀሐይና ድርቀት አይወድም። መደበቂያውን ለቁጥቋጦው ተዪለት።

የእንስሳት ሐኪም
ጫጩት ወይስ ቄብ ላሉት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከ16 እስከ 17 ሳምንት የሞላቸው ቄቦች ይግዙ። ጫጩት ማሳደግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ይፈልጋሉ። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ እየቀነሱ ላባ እስኪያበቅሉ ድረስ መጠበቅ አለባቸው። እንቁላል የሚጀምሩት ከ18 እስከ 20 ሳምንት ገደማ ነው። እስከዚያ መኖ፣ ሙቀትና ክትባት ብቻ ነው።

ቄብ ሲገዙ የት እንዳደጉ ይጠይቁ። ኬጅ ውስጥ ያደገች ቄብ ቆጥ ላይ መዝለል አታውቅም፤ መሬት ላይ ታድራለች፣ መሬት ላይም ትጥላለች። ጉዝጓዝ ላይ ያደጉ፣ ቆጥ የለመዱ ይሁኑ። የክትባት መዝገባቸውን በጽሑፍ ይቀበሉ። የማሬክ (ዶሮን ሽባ የሚያደርግ በሽታ) ክትባት በተፈለፈሉበት ቀን የሚሰጥ ነው፤ ዘግይቶ ቢሰጥ ብዙም አይጠቅም። የፈንግል፣ የጉምቦሮ (የጫጩትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክም በሽታ) እና የዶሮ ፈንጣጣ ክትባቶች በየጊዜያቸው መሰጠታቸውን ያረጋግጡ። ለፈንግል በኋላም ድጋሚ ክትባት ያስፈልጋል። በአካባቢዎ ያለ ሐኪም መርሐ ግብር ያውጣልዎት።

ክትባቱ በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበትን ውኃ አይጠቀሙ፤ ክትባቱን ይገድለዋል። ክትባቱ እስከሚሰጥበት ደቂቃ ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ይቆይ። ብዙ ሰው «ከትቤ ሞቱብኝ» የሚለው በመንገድ ላይ የሞቀ ክትባት ሰጥቶ ነው።

ልቅ እርባታ ላይ በተለይ የሚያስቸግሩትን ልንገርዎ። አንዱ የሆድ ትል ነው። የትሉ እንቁላል አፈር ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም። ሜዳውን ማፈራረቁ ነው ትልቁ መከላከያ። ኩሱን በየጊዜው ያስመርምሩ፤ ትል ሲገኝ ብቻ ያክሙ። መድኃኒት ከሰጡ በኋላ እንቁላሉ የማይሸጥባቸውን ቀናት ከማሸጊያው ወይም ከጠርሙሱ ላይ አንብበው ያክብሩ፤ እንቁላሉን የሚበላው የሰው ልጅ ነው።

ሁለተኛው ደም የሚመጥጡት ቀያይ ጥቃቅን ተባዮች ናቸው። ቀን ዶሮዋ ላይ አያገኟቸውም። በቆጡ ስንጥቅና መጋጠሚያ ውስጥ ተደብቀው ይውላሉ፣ ሌሊት ወጥተው ደም ይመጥጣሉ። ኩክኒዋ የገረጣ፣ ማታ ወደ ቤት ለመግባት የምታመነታ፣ እንቁላል የቀነሰች ዶሮ ካዩ ባትሪ ይዘው በሌሊት ቆጡን ከሥር ይመልከቱ። ያለ ምግብ ለወራት ስለሚቆዩ ቤቱን ባዶ ማድረግ ብቻ አያጠፋቸውም። ስንጥቅ የሌለው ቆጥ መሥራት ከመድኃኒት ይሻላል።

ሦስተኛው የወፍ ጉንፋን ነው። ብዙ ጊዜ የሚያመጡት የዱር የውኃ ወፎች ናቸው። ስለዚህ መኖና ውኃ ሁልጊዜ ከጣሪያ ሥር ይቀመጥ። ሜዳው ላይ ኩሬ አይኑር። ለዶሮ ቤት ብቻ የሚሆን ጫማ በር ላይ ያስቀምጡ፤ ጎብኚም ይሁን ነጋዴ በራሱ ጫማ አይግባ። በድንገት ብዙ ዶሮ ከሞተ አንዲትም ዶሮ ከግቢ ሳይወጣ ለእንስሳት ጤና ቢሮ ያሳውቁ።

መኖ ቀያጅ
«ሜዳው ምን ያህሉን ይሸፍንልኛል» ላልሽው፣ ትንሽ ነው። ሣሩ፣ ትሉና ፌንጣው ቪታሚንና ደስታ ይሰጣል፤ የአስኳሉን ቀለም ያደምቃል። እንቁላሉን የሚሠራው ግን መኖው ነው። ሜዳ ላይ ስለምትሮጥ እንዲያውም ኬጅ ውስጥ ካለችው ትንሽ አብልጣ ትበላለች። በቀን 125 ግራም ያዢ። ለ200 ዶሮ በቀን 25 ኪሎ፣ በወር 750 ኪሎ ነው። ከጠቅላላ ወጪ አብዛኛውን የሚይዘው መኖ ስለሆነ ሂሳቡን እዚህ ላይ ሥሪ።

ከመቶው 85 ዶሮ በየቀኑ ከጣለች 170 እንቁላል ታገኛለሽ፤ አንዱ እንቁላል 147 ግራም መኖ በልቷል። ወደ 60 ከወረደ 120 እንቁላል ነው፤ አንዱ 208 ግራም ይበላል። መኖው አልተቀነሰም፣ ወጪው ግን በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ ከ40 በመቶ በላይ ጨመረ። ስለዚህ «ርካሽ መኖ» ብለሽ ፕሮቲኑን ስትቀንሺ ዋጋውን በእንቁላል ትከፍይዋለሽ።

ለጣይ ዶሮ ፕሮቲኑ ከ16 እስከ 18 በመቶ፣ ካልሲየሙ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ይሁን። አንድ ቅርፊት ለመሥራት 2 ግራም ገደማ ካልሲየም ያስፈልጋታል። ቅርፊቱ በአብዛኛው የሚሠራው ደግሞ ሌሊት ነው። የኖራ ድንጋይ ጠጠር ወይም የተፈጨ ዛጎል በተለየ ዕቃ አስቀምጪላት፤ የምትፈልገውን ያህል ራሷ ትወስዳለች። ጠጠሩ ሆዷ ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚሟሟ ሌሊቱን ይደርስላታል።

ስለ አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንሽ። የሻገተ በቆሎ ወይም የሻገተ ፋጉሎ ለዶሮ አይሰጥም፤ ከጥሩው ጋር ቀላቅሎ «ማሳሳት»ም የለም። አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ጉበቷን ይጎዳል፣ በሽታ የመከላከል አቅሟን ያዳክማል። መኖውን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጊ፣ አይጥ በማይደርስበት። ጥሬ ቦሎቄም አትስጪ።

ቆራጡ
ውኃውንም ንገራት እንጂ። ከመኖው እጥፍ ትጠጣለች። ለ200 ዶሮ በቀን 50 ሊትር፣ በሙቀት ጊዜ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ለግማሽ ቀን ውኃ ካጣች እንቁላሉ ለቀናት ይቀንሳል።

የእንስሳት ሐኪም
ትክክል። በሙቀት ጊዜ ሌላም ነገር አለ። ዶሮ ላብ የላትም፤ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ስታለከልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ ይወጣል። ለቅርፊት የሚሆነው ካርቦኔት ያንስባታል፣ ቅርፊቱ ይሳሳል። በሙቀት ወቅት ቅርፊት ሲሳሳ ካልሲየም ከመጨመርዎ በፊት ጥላውንና ቀዝቃዛ ውኃውን ይመልከቱ።

ቤት ሠሪው
ስለ ቤቱ ባጭሩ። የአውሮፓው መለኪያ በአንድ ካሬ ሜትር 9 ዶሮ ይፈቅዳል፤ እኔ 5 ወይም 6 ነው የምመክርሽ። ዝናብ ሲውል ሁሉም ውስጥ ናቸው። ለ200 ዶሮ ከ35 እስከ 40 ካሬ ሜትር ይሆናል። ቆጥ ለአንዷ 15 ሴንቲ ሜትር፣ በጠቅላላው 30 ሜትር። መጣያ ሳጥን ለ7 ዶሮ አንድ፣ ማለትም 29 ገደማ። ሳጥኑ ጨለም ያለ ይሁን፣ ከቆጡም ዝቅ ይበል። ሳጥኑ ከቆጡ ከፍ ካለ ሳጥኑ ላይ ያድሩና በኩስ ያቆሽሹታል።

አየሩ ከላይ ይውጣ፣ ቆጡ ላይ ግን ንፋስ አይምታቸው። ገብተሽ ስትንበረከኪ አሞኒያ ዓይንሽን ካቃጠለሽ ጉዝጓዙ ረጥቧል። እርጥብ ጉዝጓዝ ደግሞ ኮክሲዲያ የተባለውን የአንጀት ጥገኛ ተዋስያን ይጠራል።

የሽቦው ቀዳዳ ጠባብ ይሁን፤ ሸለምጥማጥ በማታምኚው ቀዳዳ ይገባል። ሽቦውን መሬት ውስጥ ቅበሪው፣ ጫፉንም ወደ ውጭ አጥፊው፣ የሚቆፍር አውሬን እንዲያቆመው። ማታ በሩ ሁልጊዜ ይዘጋ። አንድ ሌሊት የተረሳ በር ሙሉ መንጋ ይጨርሳል።

ጀማሪዋ
ሁላችሁም ስታስረዱ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ደንበኛ እንዳይቋረጥብኝ ግማሹን ቄብ አሁን፣ ግማሹን ከወራት በኋላ ባስገባስ? ደግሞ መንቁር መቁረጥ ግድ ነው ወይ? ልቤ አልፈቀደውም።

የእንስሳት ሐኪም
የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ ነው። ለጤና የሚሻለው ሁሉም አንድ ላይ ገብተው፣ አንድ ላይ ወጥተው፣ ቤቱ ታጥቦ የሚያርፍበት ነው። ትላልቆቹ በሽታ ይዘው ራሳቸው ሳይታመሙ ለትንንሾቹ ያስተላልፋሉ። ደንበኛ ማቆየት የግድ ከሆነ ሁለት የተራራቁ ቤቶች ይሥሩ። መኖ መስጠት፣ እንቁላል መሰብሰብ ሁልጊዜ ከትንንሾቹ ይጀመር፤ ወደ ትላልቆቹ ከሄዱ በኋላ በዚያው ቀን ወደ ትንንሾቹ አይመለሱ። አንድ ቤት ውስጥ ግን አይቀላቅሏቸው።

መንቁር አይቁረጡ። መነካከስ የሚመጣው ከመጨናነቅ፣ ከፕሮቲን በተለይም ሜቲዮኒን ከተባለው የፕሮቲን ክፍል ማነስ፣ ከኃይለኛ መብራትና ከሥራ ፈትነት ነው። ሜዳ የምትወጣ፣ የምትጭረው ጉዝጓዝ ያላት፣ በደረቅ አፈር የምትታጠብ ዶሮ ጓደኛዋን ለመንከስ ምክንያቷ ያንሳል። ቤት ውስጥ የሚንጠለጠል ጎመንም ያግዛል። የነከሰችውንም የተነከሰችውንም ወዲያው ይለዩ፤ ደም ያየ መንጋ አይመለስም።

መዝገብ ያዥ
እኔ የምጨምረው ደብተር ነው። በየቀኑ የእንቁላል ብዛት፣ የተበላው መኖ፣ የተጠጣው ውኃ፣ የሞተ። በሽታ ሲመጣ እንቁላል ከመውረዱ በፊት ብዙ ጊዜ የሚወርደው ውኃ ነው። ያልጻፈ ሰው አያየውም።

ከ72 እስከ 80 ሳምንት ሲሆናቸው ምን እንደምታደርጊያቸውም አሁኑኑ ወስኚ። የሚወስዳቸው ገዢ ማነው? የሚተኩት ቄቦች መቼ ይታዘዛሉ? ዶሮዎቹ ካረጁ በኋላ መፈለግ ይዘገያል። ኢዛ ብራውን ወይም ሎማን ብራውን የተባሉትን የእንቁላል ዶሮ ዝርያዎች ካስገባሽ በጥሩ አያያዝ በዓመት ከ300 በላይ ይጥላሉ። ሥጋቸው ግን ትንሽ ነው። ሮድ አይላንድ ሬድ የተባለው ዝርያ በእንቁላል ይቀንሳል፣ በሥጋ ይሻላል፣ ሜዳም ይችላል።

ጀማሪዋ
እንግዲህ እንዲህ አስቤያለሁ። በዚህ ዝናብ ዛፍና ቁጥቋጦ እተክላለሁ። ሜዳውን በአራት እከፍላለሁ። ቤቱን ለ200 እሠራና አንዱን ጎን ለማስፋት እተወዋለሁ። ቄቦቹ የሚመጡት ቁጥቋጦው ከያዘ በኋላ ነው። እንደመጡ ወዲያው ልልቀቃቸው?

የመስክ ሰው
አይ፣ መጀመሪያ አንድ ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ ይቆዩ። ቤታቸው የት እንደሆነ፣ ቆጡንና መጣያውን ይልመዱ። ከዚያ መጣል ሲጀምሩ በሩን ረፋድ ላይ ክፈቺ። አብዛኛው እንቁላል ጠዋት ስለሚጣል ሣር ውስጥ የመጣል ልማድ አይዛቸውም። ሳጥኑን ከለመዱ በኋላ ከንጋት ጀምሮ ይከፈትላቸው። መሬት ላይ የተጣለ እንቁላል ካየሽ ወዲያው አንሺው፤ አንዷ የጣለችበትን ሌላዋ ትከተላለች።

መብራት የምትጨምሪ ከሆነ ጠዋት ላይ ጨምሪ፤ ከቀኑ ብርሃን ጋር ተደምሮ በጠቅላላው ከ14 እስከ 16 ሰዓት ርዝመት እንዲሞላ። ማታ ላይ ጨምረሽ ድንገት ስታጠፊው ገና ቆጥ ያልወጡት ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ።

ክፍል ስትቀይሪም ሣሩ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ አትጠብቂ። ግማሹ እንደቀረ አዙሪያቸው፤ ሥሩ ያልተጎዳ ሣር ቶሎ ይመለሳል። የተራቆተ ቦታ ካለ በሚቀጥለው ዝናብ ዘር በትኚበት፣ እስኪይዝም በመረብ ከልዪው። ከቆጡ ሥር የምትጠርጊውን ኩስ ትኩሱን ችግኝ ላይ አታፍሺ፣ ያቃጥለዋል። ከደረቅ ቅጠልና ከገለባ ጋር ከምረሽ አብላልተሽ ተጠቀሚበት።

ጥላ ወዳድ
ችግኝ ስትመርጪ እሾሃማ ቁጥቋጦም ጣል ጣል አድርጊበት። ጭልፊት አይደፍረውም፣ ዶሮዎቹ ደግሞ ሥሩ መተኛት ይወዳሉ። የተከልሽውን ፎቶ እዚህ ለጥፊልን፤ የት የት እንደጎደለ አብረን እናየዋለን።